ብርሃን ስለ ሽል የሚያውቀውና የማያውቀው

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው የዘር ምርመራ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይጠነፈፋል፣ በኮባ ተጠቅልሎ ሞቅ ያለ ጥግ ይቀመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮባው ሲገለጥ ነጫጭ ሥር ያወጣው ለብቅልነት በቅቷል፤ መሃል መሃሉ ላይ ግን ረጥቦ ብቻ የቀረ ፍሬ አይጠፋም። ገብሱ ከጎታ ሲወጣ ሁለቱ ፍሬዎች በመልክም በክብደትም አንድ ነበሩ። እናቶቻችን «ይሄ ጎታ ውስጥ ሞቆታል» ወይም «የከረመ ነው» ብለው ያልፉታል እንጂ የትኛው እንደሚበቅል አስቀድመን እናውቃለን አይሉም።

ልዩነቱ ያለው በፍሬው ጫፍ በተሸጎጠው ሽል ላይ ነው። ሽል ማለት ሥሩም፣ ግንዱም፣ የመጀመሪያ ቅጠሉም በትንሹ ተሠርተው የተኙበት ሕፃን ተክል ነው፤ የቀረው የፍሬው አካል ስንቅ ነው። ስንቁ ሞልቶ ሽሉ የሞተበት ዘር ለእንጀራ እንጂ ለማሳ አይሆንም። ታዲያ ሳይዘፈዘፍና ሳይሰነጠቅ የሽሉን ጥራት ማወቅ ይቻላል? ላለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ይህን ጥያቄ በብርሃን ለመመለስ ብዙ ተሠርቷል። ስለ ሥራው ሲወራ የምሰማው ግን አንዳንዱ ከመሣሪያው አቅም በላይ ነው፣ አንዳንዱም በታች። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«መልኩ ያማረ ዘር ሽሉም ያማረ ነው»

ይህ አባባል ሙሉ በሙሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ አያስቸግርም ነበር። ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምሮ የተንሳፈፈውን የሚገፍ ገበሬ ባዶውንና ነቀዝ የበላውን በእርግጥ ያስወግዳል። የሰመጠው ሁሉ ግን ሕያው አይደለም፤ ጎታ ውስጥ የሞቀው ገብስም ይሰምጣል።

ከዓይን የተሻለ ነገር ፍለጋው የቆየ ነው። ራጅ በተገኘ በ8 ዓመቱ፣ በ1903፣ አክሰል ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ የዛፍ ዘርን በራጅ ማየት ጀምሯል። ራጁ የዘሩ ውስጥ ሙሉ ይሁን ባዶ፣ ትል ይኑርበት አይኑርበት ያሳያል። ቅርፁ ሙሉ ሆኖ የሞተውን ሽል ግን ከሕያው አይለየውም። በ1940ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው ጌኦርግ ላኮን ቴትራዞሊየም በተባለ ቀለም አልባ ፈሳሽ የሚሠራ ምርመራ አስፋፋ። ዘሩ ተሰንጥቆ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ የሚተነፍሱት ሕዋሳት ወደ ቀይ ይለውጡታል፤ የሞቱት እንደነጡ ይቀራሉ። እስከ ዛሬ በዘር ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት ጥሩ ምርመራ ነው። ችግሩ «ሽሉ ደህና ነው» የሚለውን መልስ ስናገኝ ሽሉ ተሰንጥቆ ማለቁ ነው። ለአንድ ኩንታል ዘር ናሙና መሰዋት አይጎዳም። እያንዳንዱን ሽል ለየብቻው መምረጥ ሲያስፈልግስ?

የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። በ1958 ኤፍ ሲ ስቱዋርድ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው ሰሞንም ያኮብ ራይነርት በጀርመን፣ ከካሮት ተራ ሕዋስ ሽል እንደሚወጣ አሳዩ። አበባ የለም፣ ወንዴና ሴቴም አልተገናኙም፤ ከሥሩ የተቆረሰ ሕዋስ ሽል ሆነ። በ1985 ስፕሩስ የሚባለው የአውሮፓ ጥድ መሰል ዛፍ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የእንጨት ምርት የቆመበት ሎብሎሊ ጥድ በዚሁ መንገድ ሽል አፈራ። ከአንድ ምርጥ ዘር ሺህ በሺህ ሽል ማግኘት ተቻለ ማለት ነው።

ሽሎቹ ግን እኩል አይወጡም። አንዱ ክኮቹን (የመጀመሪያ ቅጠሎቹን) እንደ ዘውድ ደፍቶ ቀጥ ይላል፣ ሌላው ይንጋደዳል፣ ሦስተኛው ክክ የለውም። ስለዚህ የሠለጠኑ ሰዎች በማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጠው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የምታክለውን ሽል በወረንጦ አንድ በአንድ ያነሳሉ። መለኪያቸው «ከተፈጥሮ ዘር የወጣውን ሽል ይመስላል ወይ?» የሚል ነው። ሥራው ዓይንና ጀርባ ይጨርሳል፤ ገንዘቡም የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ በመልክ ከተመረጡት ብዙዎቹ አለመብቀላቸው፣ ከተጣሉት ውስጥም ሊበቅሉ የሚችሉ መኖራቸው ነው። በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው ወየርሃውዘር የተባለው የደን ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሽልን በምስልና በብርሃን ንባብ የመመደብ ዘዴ ላይ የፈጠራ መብት ወደ መጠየቅ የሄደው ይህን የወረንጦ ሥራ ለማሽን ለማስረከብ ነበር።

«ብርሃኑ ሕይወት መኖር አለመኖሩን ያያል»

ከሁሉም የተስፋፋው ስህተት ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በ1800 ዊልያም ኸርሽል የተባለው የሥነ ፈለክ ሰው የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ አልፎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ይበልጥ ሞቀ። ዛሬ ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የምንለው ይህ ነው። ለዓይናችን ከሚታየው ብርሃን ቀጥሎ ያለው ክፍል፣ በግምት ከ780 እስከ 2500 ናኖሜትር ያለው፣ ቅርብ ኢንፍራሬድ ይባላል።

ይህን ብርሃን ለእርሻ ያዋለው ሰው ካርል ኖሪስ ይባላል። በሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል ባለው የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ምርምር ማዕከል ሥራውን የጀመረው በእንቁላል ነው። እንቁላልን ለፀሐይ አቅንታ ውስጡን የምታይ ባልቴት ከኖሪስ ጋር ብትገናኝ የሚያወሩት አያጡም ነበር። ከእንቁላል ወደ እህል ተሻገረና በ1960ዎቹ በብርሃን ብቻ የእህልን እርጥበት መለካት እንደሚቻል አሳየ። በ1975 የካናዳ የእህል ኮሚሽን የስንዴን ፕሮቲን በዚሁ ዘዴ መለካት ጀመረ።

ብርሃኑ የሚለካው ምንድን ነው? በቁስ ውስጥ ያሉ የኬሚካል ትስስሮች ይንቀጠቀጣሉ፤ እያንዳንዱ ዓይነት ትስስር የራሱን የብርሃን ክፍል ይውጣል። ውሃ በ1450 እና በ1940 ናኖሜትር አካባቢ በብርቱ ይውጣል። ቅባት በ1720 እና በ2310 አካባቢ ምልክቱን ይተዋል። ፕሮቲንና ስታርችም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ብርሃኑ ሽሉ ላይ ወድቆ ሲመለስ ወይም አልፎት ሲወጣ የቱ ክፍል እንደጎደለ ይታያል። ከዚያ ጉድለት ውሃው ስንት፣ ቅባቱ ስንት የሚለው ይሰላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕይወት የሚባል ትስስር የለም። ማሽኑ የሚያነበው ቁስን ነው።

ታዲያ ለምን ይሠራል? የበሰለ የጥድ ሽል ቅባትና ፕሮቲን አጠራቅሞ ውሃውን ይቀንሳል፤ ጥሬው በተቃራኒው ውሃ የበዛበት ነው። ብስለት በቁስ ላይ አሻራ ይተዋል፣ ብርሃን ደግሞ አሻራውን ያነባል። ብስለትና መብቀል አብረው ስለሚሄዱ ከአሻራው ተነስቶ መብቀልን መገመት ይቻላል። ግምት ነው። ትናንት በሙቀት የሞተ፣ ዛሬ ግን ቅባቱም ፕሮቲኑም ቦታው ላይ ያለ ሽል በዚህ ንባብ ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ሕያው መሆኑ ያለው ኢንዛይሞቹ በመሥራታቸው፣ የሕዋስ ሽፋኖቹ በመያዛቸው ላይ ነው፤ የሞተ ሰውም እኮ ክብደቱ ወዲያው አይቀንስም።

ስዊድናውያን ለዚህ ያገኙት መላ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሚላን ሲማክ የተባለው የደን ዘር ተመራማሪ የጥድ ዘሮችን አርሶ፣ ለተወሰነ ሰዓት አስጥቶ፣ ከዚያ በራጅ ማየትን አስተማረ። ሕያው ዘር የጠጣውን ውሃ ይዞ ይቆያል፤ የሞተው ቶሎ ይለቀዋል። ሁለቱም ሙሉ የሆኑ ዘሮች አሁን በውሃቸው ተለያዩ። በ2002 በሰሜን ስዊድን፣ በኡሜዮ፣ ሕያውና ሙት የጥድ ዘርን በዚሁ የማርጠብና የማድረቅ መንገድ አዘጋጅተው በራጁ ፈንታ ቅርብ ኢንፍራሬድን የተጠቀሙበት ሥራ ታተመ። ብርሃን ሕይወትን ማየት ስለማይችል ዘሩ መጀመሪያ ሕያው ነገር ብቻ የሚችለውን አንድ ነገር እንዲያደርግ ተጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ የተፈጠረውን የውሃ ልዩነት ብርሃኑ አነበበው። ብቅል የሚዘፈዝፍ ሰው ይህን ሐሳብ ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል።

በሌላ ብርሃን የሚሠራም አለ። በሆላንድ፣ ዋኽኒንገን፣ ሄንክ ያሊንክና ባልደረቦቹ በ1998 የጎመን ዘርን አብርተው ክሎሮፊል መልሶ የሚረጨውን ደካማ ቀይ ብርሃን ለኩ። ክሎሮፊል የበዛበት ዘር ገና ጥሬ ነው፣ ያነሰበት የበሰለ ነው። እዚህም የተለካው ብስለት ነው።

«ጨረር ስለሆነ ሽሉን ይጎዳዋል»

«ጨረር» የሚለው ቃል ያስፈራል። የቴሌቪዥን ሪሞት በ940 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ኢንፍራሬድ ነው የሚሠራው፤ የስልክዎን የፊት ካሜራ ወደ ሪሞቱ ጫፍ አዙረው ቁልፉን ቢጫኑ ዓይንዎ የማያየውን ብልጭታ ስክሪኑ ላይ ሊያዩት ይችላሉ። ይህ ብርሃን ከሚታየው ብርሃን ያነሰ ጉልበት ያለው ነውና እንደ ራጅ ሞለኪውል አይሰብርም። ጉዳቱ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ራቁቱን ከመብቀያው የወጣ ሽል በጋለ መብራት ሥር ከቆየ ይደርቃል። የሚገድለው ጨረሩ ሳይሆን ሙቀቱና ደረቁ አየር ነው፤ ንባቡ በሴኮንዶች ማለቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

«መሣሪያው ከተገዛ ሥራው አለቀ»

ማሽኑ ከሳጥኑ ሲወጣ ስለ ሽል የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። የሚሰጠው የተጠማዘዘ መስመር ብቻ ነው። ያ መስመር «ይበቅላል» ወይም «አይበቅልም» ወደሚል ቃል የሚለወጠው ብዙ መቶ ሽሎች አንድ በአንድ ከተነበቡ በኋላ፣ እነዚያው ሽሎች ቁጥር ተሰጥቷቸው ከተዘሩ በኋላ፣ አንድ ሰው በየቀኑ እየመጣ የበቀለውን ከቆጠረ በኋላ ነው። ከዚያ ስሌቱ ይመጣል፤ ለብዙ መቶ ቁጥሮች ጥቂት ዋና ዋና መልክ የሚያወጣው ስሌት፣ ኬሞሜትሪክስ የሚባለው፣ ስሙን ያገኘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኡሜዮ ውስጥ ይሠራ ከነበረው ስቫንተ ቮልድ ነው። የኡሜዮ ስም ሁለቴ የመጣው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ የደን ዘር ሰዎችና የስሌት ሰዎች በአንድ ከተማ ነበሩ።

በዚያ ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊም ነበር። ሙሉዓለም ጥጋቡ በስዊድን የእርሻ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ከፐር ክሪስተር ኦዴን ጋር ሆኖ በ2002 እና በ2003 ባሳተማቸው ሥራዎች ቅርብ ኢንፍራሬድን ለዋንዛ፣ ለሰሳና ለፓቱላ ጥድ ዘሮች አዋለው። የዋንዛና የሰሳው ጥያቄ ደህናውን ዘር ነቀዝ ከገባበት መለየት ነበር፤ የፓቱላው ሙሉውን ከባዶው። ዋንዛን የሚያውቅ ሰው ነቀዙንም ያውቃል፦ ከውጭ ምንም የሌለበት የሚመስል ዘር ውስጡ ተበልቶ ይገኛል። ነቀዙ ስንቁን ስለሚበላ፣ የራሱም አካል ሌላ ቁስ ስለሆነ ብርሃኑ ልዩነቱን ያነበዋል።

ለዋንዛ የተሠራው ስሌት ግን ለሰሳ አይሠራም፤ ለዚህ ነው ሁለቱ ሁለት ሥራ የሆኑት። በአንድ ዓመት ምርት የሠለጠነ ስሌትም በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናቡ ሲለይ ወይም ዘሩ ትንሽ ሲረጥብ፣ ሊስት ይችላል። ውሃ በዚህ ብርሃን ውስጥ ጩኸቱ ከሁሉ ይበልጣል፤ የእርጥበት ትንሽ ለውጥ የቅባቱን ሹክሹክታ ያጠፋዋል።

የቡናን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ነው፤ «የቡና ጥራት ላቦራቶሪዎች በዚህ ብርሃን ይሠሩ የለም ወይ? ለዘርም እንጠቀምበት» የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁና። በዓለም ላይ የጥሬ ቡናን እርጥበትና ካፌይን ለመለካት ቅርብ ኢንፍራሬድ በእርግጥ ይሠራል። የቡና ሽል ግን ርዝመቱ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ በፍሬው አንድ ጫፍ ተሸሽጓል፤ የቀረው ጠንካራው ስንቅ ነው። ሙሉ ፍሬ ላይ ያረፈ ብርሃን የሚተርከው ከሞላ ጎደል የስንቁን ታሪክ ነው። ቡና ደግሞ እንደ ስንዴ ለዓመታት ተከማችቶ የሚበቅል ዘር አይደለም፤ ኤሊስ፣ ሆንግና ሮበርትስ በ1990 «መካከለኛ» ብለው የመደቡት ነው፤ መጠነኛ ድርቀት ይችላል፣ ረጅም ክምችትና ብርድ ግን ይገድሉታል። ስንቁ መልካም ጣዕም ይዞ ሽሉ የሞተበት ቡና በየመጋዘኑ ሞልቷል። ለቀማሽ ደህና ነው፤ ለችግኝ ጣቢያ ከንቱ ነው።

ሽሉ ራቁቱን ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ብርሃኑ ስንቁን ሳይሆን ሽሉን ራሱን ያገኘዋል። ዘዴው ከሕዋስ ለሚወጡ ሽሎች ይበልጥ የተመቸው ለዚህ ነው። ቡናም እዚያ ገብቷል። ሆላንዳዊው ስታሪትስኪ በ1970 ከሮቡስታ ቡና ሕዋስ ሽል አወጣ፤ ዛሬ በመካከለኛው አሜሪካ የሚተከሉ አንዳንድ ድቅል የአረቢካ ዝርያዎች በዚህ መንገድ ይባዛሉ። ከነሱ አንዱ፣ ካሲዮፔያ የሚባለው፣ ካቱራ ከተባለው ዝርያና «ኢቲ 41» ከተባለ የኢትዮጵያ ቡና የተገኘ ነው። የድቅል ዘር ቢዘራ ልጆቹ እንደ ወላጃቸው አይወጡምና ወይ እንደ እኛ አገር በእጅ ማዳቀል፣ ወይ በሕዋስ ማባዛት ግድ ይላል። ከጫካችን የሄደ ቡና ሩቅ አገር ብርጭቆ ውስጥ ሽል ሆኖ ሲቆጠር ማሰብ ደስታም ቅሬታም አለው። ወደ ነገሬ ልመለስ።

«90 በመቶ ትክክል ከሆነ ምን ይፈለጋል?»

በመቶኛ የሚነገር ትክክለኛነት ከምን ላይ እንደተነሳ ካልተነገረ ዋጋ የለውም። ከ100 ዘር 95ቱ የሚበቅልበት ጥሩ ክምችት አለ እንበል። ሳያይ ለሁሉም «ደህና» የሚል ማሽን 95 በመቶ ትክክል ነው። አንዲት ሙት ዘር ግን አላወጣም።

አሁን ደግሞ አስቸጋሪውን እንውሰድ። ከ1000 ሽል የሚበቅሉት 300 ብቻ ናቸው፤ ማሽኑ ደህናውንም መጥፎውንም ከ100 ጊዜ 85ቱን ይለያል። ከ300ዎቹ 255ቱን ያነሳል፣ 45ቱን ይጥላል። ከ700ዎቹ መጥፎዎች ደግሞ 105ቱን ደህና ብሎ ያነሳል። የተነሱት 360 ናቸው፤ ከነሱም የሚበቅሉት 255፣ ማለትም 71 በመቶ ግድም። ከ30 ወደ 71 መውጣት ለችግኝ ጣቢያ ትልቅ ነገር ነው፤ ባዶ የሚቀር ከረጢት፣ የሚባክን አፈርና ውሃ ይቀንሳል። ሆኖም ከተመረጡት አሥር ሽሎች ሦስቱ ግድም አሁንም አይበቅሉም። በሻጭ አፍ «85 በመቶ» የተባለውና ችግኝ ጣቢያው የሚያገኘው ቁጥር አንድ አይደሉም።

እነዚያ የተጣሉ 45 ሽሎች ከየዛፉ ተበታትነው የመጡ ከሆነ ችግር የለም። ከአንድ እናት ዛፍ የመጡ ከሆነ ግን፣ ማለትም የዚያ ዛፍ ልጆች በተፈጥሯቸው ቅባታቸው ለየት ያለ ስለሆነ ማሽኑ ሁሉንም ከጣላቸው፣ ምርጫው ሳይታወቅ ያንን የዘር መስመር ከደኑ እያጠፋ ነው። ሰው በወረንጦ ሲመርጥም ይህ ይደርሳል፤ ማሽን የሚያደርገው ግን ሳይደክም፣ በየቀኑ፣ በአንድ ዓይነት ስህተት ነው።

«ስልኬ ካሜራ አለው፣ ይበቃኛል»

አይበቃም። የስልክ ካሜራ የተሠራበት ሲሊከን ከ1100 ናኖሜትር በላይ ያለውን ብርሃን አያይም፤ የውሃና የቅባት ዋና ዋና ምልክቶች ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። ለዚያ ሌላ፣ ውድ የሆነ የብርሃን መቀበያ ያስፈልጋል። ስልክ የሽልን ቅርፅና ቀለም ለመመዝገብ ግን ይጠቅማል፤ ይህም በማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጠው በወረንጦ ለሚመርጡት ሰዎች ትንሽ እገዛ አይደለም።

እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ላቦራቶሪ ቢጋብዘኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ተመረጡት ሽሎች አይደለም። የተጣሉትን የት አደረጋችኋቸው? እላለሁ። በደንብ የሚሠራ ቤት ከተጣሉት ላይ በዘፈቀደ ጥቂት መቶ አንስቶ ከተመረጡት ጎን፣ በዚያው አፈር፣ በዚያው ቀን ይዘራል፤ ሳህኖቹ ላይ ቁጥር እንጂ «የተመረጠ» ወይም «የተጣለ» የሚል አይጻፍባቸውም። የሚቆጥረው ሰው የቱ የቱ እንደሆነ ሳያውቅ በየጠዋቱ ሥር ያወጣውን ይመዘግባል፤ መዝገቡ ሲዘጋ ቁጥሮቹ ይገለጣሉ፣ ስሌቱም በዚያው ይታረማል። በሚቀጥለው ምርት ዘመን እንደገና።